ከቻርጅ በፊት የገባ ውሃ

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ

የጉዳዩ ዓይነት፦ በአረጋውያን መኖሪያ ግቢ ውስጥ በባትሪ የምትሄድ የጎልፍ መኪና ያደረሰችው የአካል ጉዳት
ምስክር፦ የመኖሪያው የልብስ ንጽህና ክፍል ኃላፊ፤ በግቢው «እትዬ ካውያ» እየተባለች የምትጠራ
ዕድሜ፦ 52
የትምህርት ደረጃ፦ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀች
የቤተሰብ ሁኔታ፦ ባሏ የሞተባት፣ የሦስት ልጆች እናት
አድራሻ፦ ከመኖሪያው የኋላ በር ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር 7
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ አደጋው በደረሰ በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ
አመጣጥ፦ ሳትጠራ፣ በራሷ ፈቃድ

በዛሬው ዕለት ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት መጥሪያ ደርሶኝ ሳይሆን በገዛ እግሬ ነው። የምናገረው በራሴ ላይ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችል፣ ዝም የማለት መብትም እንዳለኝ መርማሪው በሚገባ አስረድቶኛል። ዝም የማለትን መብት በሕይወቴ ተጠቅሜበት እንደማላውቅ፣ ዛሬም እንደማልጀምረው ገልጬለታለሁ። የመጣሁት እዚህ ታስሮ ያለው ሾፌር የሚያውቀውንና አውቆም ያልተናገረውን ነገር ለመናገር ነው።

በአረጋውያን መኖሪያው በልብስ ንጽህና ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። መኖሪያው የተሠራው ተዳፋት ላይ ሲሆን ማደሪያ ክፍሎቹ ከላይ፣ የሕክምና ክፍሉ ከታች ነው። በመካከላቸው ያለው የአስፋልት መንገድ ሁለት መቶ አሥር እርምጃ ነው፤ አንሶላ ተሸክሜ ራሴ ቆጥሬዋለሁ። ጉልበት የከዳቸውን አረጋውያን በዚህ መንገድ የሚያወርዱና የሚያወጡ ሦስት የጎልፍ መኪኖች አሉ። አደጋውን ያደረሰችው ሦስት ቁጥር ናት።

ሦስት ቁጥርን የሚነዳው ሾፌር በግቢው «ቀስ በል» ይባላል። ይህን ስም ያወጡለት አረጋውያኑ ናቸው። አንድ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት በምርኩዛቸው ቀድመውት ሕክምና ክፍል ደርሰው፣ ተመርምረው ሲመለሱ መንገድ ላይ እንዳገኙት በግቢው ይወራል፤ ሁለተኛው ግማሽ የተጨመረ ይመስለኛል። ይህን ሰው በፍጥነት አሽከርክረሃል ብሎ ማሰር ኤሊን በግልቢያ እንደመክሰስ ነው። መርማሪው ግምቴን ትቼ ያየሁትን እንድናገር ስላሳሰበኝ ወደ ያየሁት እመለሳለሁ።

ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ገደማ፣ ከልብስ ማጠቢያው ውጪ፣ በመንገዱ ወገብ ካለው ሣር ላይ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። አሥራ ሁለት አንሶላ በሦስት ገመድ ላይ ተሰጥቷል። እነዚህ መኪኖች ድምፅ ስለሌላቸው መምጣታቸው የሚታወቀው ጎማቸው አስፋልቱ ላይ ሲንሿሿ ነው፤ በዚያን ዕለት ግን የሰማሁት እንደ ንፋስ ያለ ነገር ነው። ዘወር ስል ሦስት ቁጥር ቁልቁል ትመጣለች። ቀስ በል እግሩን ዘርግቶ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረግጦታል፤ የማቆሚያውንም ፍሬን ሲረግጥ አይቻለሁ። ከኋላው የተቀመጡት መምህርት ናቸው። እኚህ እናት አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሲሆን ሁልጊዜ ሰኞ ለእግራቸው ልምምድ ይወርዳሉ።

ከታች፣ በሕክምና ክፍሉ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር፣ ሰባት አረጋውያን ተደርድረው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ቀስ በል እነሱን አያቸው፤ ሲያያቸውም አይቻለሁ። ከዚያ መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ እኔ አንሶላዎች ጠመዘዘው። መኪናዋ የመጀመሪያውን ገመድ በጠሰች፣ ሁለተኛውን በጠሰች፣ አንሶላው እየተጠቀለለባት ፍጥነቷ ቀነሰ፣ በመጨረሻም ከመዘፍዘፊያ ገንዳው ጋር ተጋጭታ ቆመች። ሮጬ አንሶላውን ስገልጥ መምህርት ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው እንደ አንሶላው ነጥቷል። የሾፌሩን ጀርባ እያዩ፣ «ልጄ፣ ዛሬስ ምነው ቸኮልክ?» አሉት። ቀስ በል ከንፈሩ ደምቷል። እጁን ከመሪው ላይ ማንሳት አቅቶት ስለነበር ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅኋቸው እኔ ነኝ።

የመምህርት ቀኝ እጅ አንጓው ላይ ተሰብሯል፤ የትከሻቸው አጥንትም ተሰንጥቋል። የመኖሪያው ሥራ አስኪያጅ ለትራፊክ ፖሊሱ መኪኖቹ በየጊዜው እንደሚፈተሹ፣ ጥፋቱም የአነዳድ እንደሆነ ተናገረ። ቀስ በል «ፍሬኑ እምቢ አለኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገረም፤ በዚሁ ተይዞ ሄደ። መኪናዋም የቴክኒክ መርማሪ እስኪመጣ በቆመችበት ሸራ ለብሳ ቀረች። የቴክኒክ መርማሪው ዛሬ ከሰዓት እንደሚመጣ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ሰው መጥቶ እስኪደርስብኝ መጠበቅ አልፈለግሁም።

ይህ ነገር ሰኞ ይድረስ እንጂ የጀመረው ከዘጠኝ ሳምንት በፊት ነው።

የመኪኖቹን ባትሪ የሚንከባከቡት ጋሽ ውሃ ልክ የምንላቸው አዛውንት ናቸው። የባትሪ ውሃ በጥፍር ውፍረት እንኳ ቢበልጥ ወይም ቢጎድል ስለማይወዱ ነው ይህን ስም ያገኙት። ባትሪ የሚሞላበት ክፍል ከልብስ ማጠቢያው ጋር ግድግዳ ይጋራል። የሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ በየተራ ለማስወገድ ሐኪም ቤት ሊገቡ ሲሉ፣ «አንቺ ልጅ፣ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ስላለሽ ዓይንሽን ጣል አድርጊባቸው» ብለው ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ሥራ አስኪያጁም ፈቀደ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እሳቸው ዘንድ ግን እስከ ዛሬ «አንቺ ልጅ» ነኝ።

ሁለት ሙሉ ቀን አስተማሩኝ። እኔ በትምህርት ቤት ከኬሚስትሪ ጋር ተኳርፌ የተለያየሁ ሰው ነኝ፤ ያን ሁለት ቀን ግን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ወንበሩን ሲያነሱት ከሥሩ ስድስት ባትሪ ተደርድሯል። እያንዳንዱ ሦስት አፍ አለው፤ በአንድ መኪና አሥራ ስምንት አፍ ማለት ነው። ክዳኑን ከፍተው በባትሪ መብራት ውስጡን አሳዩኝ፤ የእርሳስ ፕሌቶቹ ውሃው ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደርድረዋል። ከሥራ የተመለሰች መኪና ግማሽ ሰዓት ብቻ ሠርታ ቢሆን እንኳ በዚያው ዕለት ቻርጅ ላይ መግባት አለባት፤ ባዶዋን ያደረች ባትሪ ነጭ ነገር ፕሌቱ ላይ እየጋገረባት ትደነዝዛለች አሉኝ። ቻርጀሩ ራሱ እስኪቆም አይነቀልም። ጉልበቷ ከግማሽ በታች እስኪወርድ አትነዳም። ቻርጅ ላይ ሳለች የምታወጣው አየር እሳት ስለሚያነሳ መስኮቱ ይከፈታል፣ ክብሪት ወደዚያ ክፍል አይገባም። ውሃዋ የተጣራው የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ለእሷ መርዝ ነው። ላይዋ በእርጥብ ጨርቅና በጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ይጠረጋል፣ ሽቦ የሚታሰርበት ራሷ ላይ ቫዝሊን ይቀባል።

ከሁሉም በላይ የነገሩኝ የውሃውን ሰዓት ነው። ቻርጅ ላይ ያለች ባትሪ ትሞቃለች፣ በውስጧ ያለው ውሃና አሲድም ወደ ላይ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቻርጇ ካለቀ በኋላ ነው ውሃ የሚጨመርላት፤ እሱም ከአፏ አንገት ግማሽ ጣት ዝቅ ብሎ ይቆማል። ፕሌቷ ደርቆ ከተገኘ ብቻ፣ እሱን ለመሸፈን ያህል አስቀድሞ ጠብ ይደረግላታል። ይህን ሁሉ በደንብ ነግረውኛል፤ አልተነገረኝም የምለው ነገር የለም። የሦስት ቁጥር ባትሪዎች በዚህ አያያዝ ስድስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ጋሽ ውሃ ልክ የልጆቻቸውን ዕድሜ ሲጠየቁ ይሳሳታሉ፤ የባትሪዎቹን ግን በወር አይስቱም።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ እንዳልረሳው ብዬ የተማርኩትን በልብስ መለያ ካርድ ላይ ጽፌ ከቻርጀሩ በላይ ሰቀልኩት። ካርዱን ዛሬ ይዤው መጥቼ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ። አንደኛ «ውሃ መሙላት»፣ ሁለተኛ «ቻርጅ»፣ ሦስተኛ «ማጠብ» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። ማንም አላስጻፈኝም።

ለምን እንደዚያ እንደጻፍኩ መርማሪው ጠይቆኛል። ልብስ ማጠቢያ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት የእንፋሎት ካውያ ባዶውን ሰክቼ አቃጥያለሁ። የያኔዋ ኃላፊዬ ቀኑን ሙሉ ሳትቆጣኝ ውላ ወደ ማታ ስወጣ፣ «ውሃ ያልቀመሰ ነገር እሳት አይቅመስ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ውሃ ሳልሞላ የሰካሁት ነገር የለም። የእንፋሎት ማሽን ብትሉ፣ የፈላ ውሃ በርሜል ብትሉ፣ እጄ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ውሃው ነው። ጋሽ ውሃ ልክ የነገሩኝን ጆሮዬ ሰምቶታል፤ የጻፈው ግን እጄ ነው፣ እጄ ደግሞ የሚያውቀው ካውያ ነበር።

በዚህም መሠረት ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት፣ ቻርጀሩን ከመሰካቴ በፊት፣ የሦስት ቁጥርን አሥራ ስምንት አፍ ሞላሁ። ሁለቱ መኪኖች አዲስ ስለሆኑ ውሃ አላነሳቸውም ነበር፤ የጎደላት እሷ ብቻ ናት። ግማሽ ጣት ማጉደሉም ንፍገት ስለመሰለኝ እስከ አፋቸው ነው የሞላሁት። ቅዳሜ ጠዋት ስመጣ ላያቸው ረጥቦ አገኘዋለሁ። ጠግበው ላብ ያላባቸው ነበር የመሰለኝ፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ የልብስ ማጠቢያውን የውሃ ጎማ ስቤ ከላይ እስከ ታች አጥባቸዋለሁ። ጨርቅ የተባልኩትን በጎማ መተካቴ ሥራ ማሳመር መስሎኝ ነው። ያ እርጥበት ከአፋቸው የገነፈለ አሲድ እንደነበር፣ እኔ የማጥበው ውሃም ያንኑ አሲድ እያወረደ ከሥር በሚያልፈው የፍሬን ገመድ ላይ ያንጠባጥብ እንደነበር አላወቅሁም።

ማወቅ ይገባኝ ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አዎ ብያለሁ። ሽርጤ ጭኔ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ አወጣ። ጨርቅን በማሽተት የማውቅ ሰው ነኝ፤ ጥጥ ከምን እንደተቃጠለ ለመለየት ተጠርቼ ሌላ መሥሪያ ቤት ድረስ ሄጄ አውቃለሁ። የራሴን ሽርጥ ግን በረኪና ነው ብዬ፣ በረኪናውን የምታቀርብልንን ሴትዮ በስልክ ወቅሼ፣ ጠጋግኜ ለበስኩት። ሽርጡንም ከካርዱ ጋር አስረክቤያለሁ። ወቀሳው ላልተገባት ለዚያች ሴትዮም ትናንት ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። የክፍሉ ሲሚንቶም ከመኪናዋ ሥር ነጥቶ ሻከረ፤ እሱንም በብሩሽ ፈተግኩት።

ቀስ በል በአንዱ ቅዳሜ ባትሪዎቹን በጎማ ሳጥብ ደርሶ አይቶኛል። በሩ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ሳንባ ምች ይዟቸው ነበር» ብሎኝ ሄደ። እኔም አንተ ስታጥብ ያየሁህ ቀን መኪናዋም ትደነግጣለች ብዬ መለስኩለት። ጋሽ ውሃ ልክ በጨርቅ እንጂ በጎማ እንደማያጥቡ እሱ ያውቅ ነበር። ባለፈው ዓርብ ደግሞ ፔዳሉ ጠለቅ ማለቱን ለሥራ አስኪያጁ ሲናገር፣ መጋረጃ ላደርስ ገብቼ ሰምቻለሁ። ሥራ አስኪያጁም ጋሽ ውሃ ልክ ረቡዕ ሲመለሱ ያዩታል አለው። ይህን የምለው ጥፋቴን ለሰው ለማካፈል አይደለም፤ የታሰረው ሰው የሚገባውን እንዳደረገ ለማሳወቅ ነው።

ማክሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ ይዤለት ወደዚህ ጣቢያ መጣሁ። በፍርግርጉ በኩል ለአሥር ደቂቃ እንድናወራ ተፈቀደልን። ሰኞ ማታውን ሁሉ ስለ ፍሬኑ ሳስብ ስለነበር፣ ለምን እንደማያብራራ ጠየቅሁት። በመጀመሪያ ስለ መምህርት እጅ ጠየቀኝ፤ ቀጥሎ አንሶላው ስንት እንደተቀደደ ጠየቀኝ። ሰባት አልኩት። ሰባት አንሶላ ለሰባት ሽማግሌ አይከፋም አለና ሳቀ። ስጫነው ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። አንቺ ሦስት ልጅ አለሽ። አሁን ምሳውን ስጪኝና ሂጂ» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ በዚያን ሰዓት አልገባኝም። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ሳንባ ምች ያለው ትዝ አለኝ፤ በጎማ ሳጥብ አይቶኛል፣ የሚሸፍነው እኔን ነው።

ረቡዕ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጋሽ ውሃ ልክ ጥቁር መነጽር አድርገው ከሐኪም ቤት ተመለሱ። ጎንበስ እንዳይሉ ተከልክለው ስለነበር እኔ ሸራውን ገለጥኩ፣ እሳቸው በዝግታ ሣሩ ላይ ተጋደሙና በባትሪ መብራት ከሥር አዩ። በእጃቸው ምንም አልነኩም፤ እኔም አልነካሁም። ብዙ ቆዩ። ከዚያ መብራቱን ሰጥተውኝ እንድመለከት በጣታቸው አሳዩኝ። ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት የፍሬን ገመዶች ባትሪዎቹ በተቀመጡበት ልክ እንደ ስኳር ያለ ነጭ ነገር ጋግሮባቸዋል። አንደኛው ተበጥሷል። ሁለተኛው በጥቂት ክር ተንጠልጥሏል።

ጋሽ ውሃ ልክ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «ውሃውን በፊት ነው የምትጨምሪው፣ በኋላ?» አሉኝ።

«በፊት» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው በጨርቅ ጠረጉት፣ ዓይናቸውንም ጠረጉ። «ዘጠኝ ሳምንት ሸፍኜ ሸፍኜ፣ አዲሱ ዓይኔ ያየው ይህን ይሁን?» አሉ። ይህን ሲሉ ቁጣ የለባቸውም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀጥለውም እሳቸው ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር እንደቀራቸው፣ ገመዱን ከመሄዳቸው በፊት ሳያዩት እንደቀሩ ለፖሊስ እንደሚናገሩ፣ እኔ በነገሩ እንዳልገባ ነገሩኝ። አንዱ እስር ቤት ሆኖ፣ አንዱ ሣር ላይ ተጋድሞ፣ ሁለት ወንዶች ጥፋቴን ተሻሙብኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ የእኔን ነገር ሊሸከምልኝ የተጣደፈ ሰው አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያን ሰዓት የተከበርኩበት ጊዜ የለም፤ እንደዚያን ሰዓትም አፍሬ አላውቅም። ጋሽዬ፣ ከመሄድዎ በፊት ገመዱን አይተውት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸው መዋሸት አይሆንላቸውም። ቀና ብለው ከሣሩ ዳር ያለውን ዛፍ ማየት ጀመሩ። አይተውት ነበር፤ ደህና ነበር።

በዚያው ዕለት ከሥራ ስመለስ ለልጆቼ ነገርኳቸው። ሁለቱ አለቀሱ። ትልቋ ልጄ ግን፣ «እማዬ፣ አንቺ ይህን ይዘሽ ሳምንት አትቆዪም፤ በሦስተኛው ቀን ለዳቦ ሻጩ ትነግሪዋለሽ። ከዳቦ ሻጩ ፖሊስ ይሻላል» አለችኝ። የዛሬ ልብሴን የተኮሰችልኝም እሷ ናት። ከካውያው በፊት ውሃ ሞልታለች፤ ለካውያ ትክክል ነው።

ከላይ የተናገርኩትን በማጠቃለል፦ ሾፌሩ አልፈጠነም። ፍሬኑን ረግጧል፣ ፍሬኑ ግን አልነበረም። መሪውን ባይጠመዝዝ ኖሮ ሰባቱ አረጋውያን ዛሬ በሕይወት መኖራቸውን እጠራጠራለሁ። ገመዱን የበላው አሲድ ነው፤ አሲዱን ያስወጣው ከቻርጅ በፊት እስከ አፍ የተሞላው ውሃ ነው፤ ውሃውን የሞላሁት፣ በጎማም ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሾፌሩ ይህን የደበቀው ለልጆቼ ብሎ ስለሆነ፣ መደበቁ እንደ ጥፋት እንዳይቆጠርበት አመለክታለሁ። የሚወስነው ዐቃቤ ሕግ እንደሆነ ተነግሮኛል።

ሌላ ሁለት ነገር እንዲመዘገብልኝ ጠይቄያለሁ። አንደኛው፣ ሦስት ቁጥር ከሰኞ ጀምሮ ጉልበቷ እንደጎደለ ሸራ ሥር ቆማለች። ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። መርማሪዎች ፎቶግራፋቸውን አንስተው፣ የእያንዳንዱን አፍ ውሃ ከለኩ በኋላ፣ እባካችሁ ባትሪዎቹ ተፈትተው ቻርጅ ይግቡ። ክሱ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ስድስት ዓመት በእንክብካቤ የኖሩ ባትሪዎች በእኔ ጥፋት ኤግዚቢት ሆነው ሳለ መሞት የለባቸውም። እኔ እጄን አላስገባም፤ ጋሽ ውሃ ልክ ያድርጉት።

ሁለተኛው የካርዱ ነገር ነው። ቃሌ ተነቦልኝ ሲያበቃ እስክሪብቶ ለምኜ ካርዱን ላርመው ነበር። ማስረጃ ስለሆነ ፊደል እንኳ መንካት እንደማይቻል መርማሪው ከለከለኝ። እንደዚያ ተጽፎ በመዝገብ መቅረቱ ስለከነከነኝ፣ ትክክለኛው ቢያንስ እዚህ ቃሌ ውስጥ እንዲሰፍርልኝ ጠየቅሁ፤ መርማሪውም ፈቀደልኝ። አንደኛ ቻርጅ። ሁለተኛ፣ ቻርጁ ሲያልቅ፣ ከአንገቷ ግማሽ ጣት ዝቅ ብሎ ውሃ። ሦስተኛ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፤ በጎማ አይታጠብም።

ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝና ሳይለማመጠኝ ሰጥቻለሁ። ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ ካልኩት ያነሰ እንጂ የበዛ የለበትም፣ ያነሰውም መርማሪው አያስፈልግም ብሎ የተወው ነው። የቀረው ሁሉ እውነት ስለመሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ንባቡን የሰሙ ታዛቢ፣ የመኖሪያው የባትሪ ባለሙያ፦ (ተፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፣ በዚሁ ዕለት ከቀኑ አሥር ሰዓት፦ የቴክኒክ መርማሪው በሥፍራው ተገኝቶ ሁለቱን የፍሬን ገመዶች አይቷል፤ በአሲድ መበላታቸውን በጽሑፍ ገልጿል። የባትሪዎቹ የውሃ መጠን ከተለካ በኋላ ስድስቱም ተፈትተው በታዛቢ ፊት ቻርጅ ገብተዋል። ምስክሯ በቃሏ መነሻነት ለሚቀርበው ጉዳይ በተጠራች ጊዜ እንድትቀርብ ተነግሯት ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ሾፌሩ በዋስ ተለቋል። ዋስ የሆኑት የግል ተበዳይዋ መምህርት ሲሆኑ፣ ቀኝ እጃቸው ጀሶ ውስጥ ስላለ በግራ እጃቸው ፈርመዋል። ወደ መኖሪያው የተመለሱትም በእግራቸው፣ በሾፌሩ ክንድ ተደግፈው ነው።